ከነልጅ ከነጓዝ ወደ መንዝ፦ ደጋ ዘመድ ቤት ለመሰንበት ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ «አየር እንቀይር» ሲል ልቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ አክስት ወይም አጎት ያለው ሰው ግን የተሻለ ነገር በእጁ ይዟል። ለአልጋ አይከፍልም። ልጆቹ ከአክስትና ከአጎት ልጆቻቸው ጋር ይተዋወቃሉ። ከደጅ ወጣ ሲሉ ደግሞ ተራራ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንግባባ። የዘመድ ቤት ሎጅ አይደለም። አምስት ስድስት ሰው ሲጨመር ማገዶው ይጨምራል፣ እንጀራው ይጨምራል፣ ውሃ የምትቀዳው ልጅ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ባለቤቶቹ ይህን ሞተው አይነግሯችሁም። እኛው ልናስብበት ይገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ሁለት ጉዳይ ነው፦ ብርዱን እንዴት እንደምትችሉትና ለዘመድ ሸክም ሳትሆኑ እንዴት እንደምትሰነብቱ።

ምሳሌዎቹን በብዛት ያመጣኋቸው ከመንዝ ነው። ብርዱ የሚብሰው እዚያ ስለሆነ። መንዝን የቻለ አንኮበርን አያማርርም።

1. ወሩን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደጅ ያደረ ባልዲ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ልጆቹ በዚህ ይደነቃሉ፣ ሌሊት ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ሰው ግን ብዙም አይደነቅም።

ህዳርና ታህሳስ ላይ አጨዳና ውቂያ አለ። ያኔ የምትሄዱ ከሆነ ለማገዝ ብላችሁ ሂዱ። አውድማ ለልጅ ከየትኛውም መጫወቻ ቦታ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሰው እህሉን ሊያስገባ ሲሯሯጥ እናንተ ቁርስ እስኪቀርብ ተቀምጣችሁ መጠበቅ ነውር ነው።

ክረምት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብዙ ሰው ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል። እኔ አልመክርም። ጉሙ ከበር አያስወጣም፣ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ በረዶውም ድንገት ነው የሚወርደው። ከዚያ ላይ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ባለቤቶቹ እየጾሙ ለእናንተ ልጆች ወተትና እንቁላል ለብቻ ሲያዘጋጁ ማየት ደስ አይልም።

ምርጡ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። የትምህርት ቤቶች የሴሚስተር እረፍት ብዙ ጊዜ በዚያ ሰሞን ይውላል። እህሉ ገብቷል፣ ዓቢይ ጾም ገና ነው። ያ ካለፋችሁ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት አሉ። ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ማዕዱ አያስቸግርም። የበልግ ዝናብ ግን ሊያገኛችሁ ይችላል።

2. ሁለት ቦታ ደውሉ

መጀመሪያ ለአክስት። ወጉ ነው። «እትዬ፣ ልጆቹን ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ፤ ይመቻችኋል ወይ?» ስትሉ መልሱ የታወቀ ነው። «ምን ማለትህ ነው! የራስህ ቤት አይደለም እንዴ? ምንም እንዳትይዙ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ!» ይሏችኋል። በጄ በሉ፣ አመስግኑ፣ ግን እንዳትሰሟቸው።

ሁለተኛውን ስልክ ለልጃቸው ደውሉ። እውነቱ ያለው እሱ ጋ ወይም እሷ ጋ ነው። ትርፍ ፍራሽ ስንት አለ? መብራት አለ ወይስ ጠፍቶ ሰንብቷል? ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው? መኪና እስከ በር ይገባል ወይስ የሆነ ቦታ አቁመን እንሄዳለን? የታመመ ሰው ወይም ሐዘን አለ? ተስካር፣ ማኅበር ወይም ሠርግ ከገጠመ ቀኑን አዙሩ፣ ካልሆነም ለድግሱ አግዙ።

እዚሁ ስልክ ላይ የበጉን ነገር ጨርሱ። እንግዳ መጣ ተብሎ በግ መታረዱ አይቀርም። ያ በግ ለቤቱ ቀላል ነገር አይደለም። ገበያው የዋለ ቀን በጉን እንዲገዛ ገንዘቡን ለልጁ አስቀድማችሁ ላኩ። አክስት ሲሰሙ ይቆጣሉ፣ ቁጣው ግን ያልፋል።

የመንገዱን ሰላምም የምትጠይቁት ይህንኑ ሰው ነው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው ሁኔታ መንገድ ሲዘጋም ሲከፈትም አይተናል። በዋዜማው ደውሉ፣ በመነሻችሁ ጠዋትም ደውሉ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ አትከራከሩ። ሽርሽር ነው፣ ሌላ ቀን ይደርሳል።

3. ጓዙን አዘጋጁ

ብርድ ልብስ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በነፍስ ወከፍ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ። የእነሱን ባና ደግሞ ይደርቡላችኋል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው። ከበድ ይላል፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል፣ ሙቀቱን ግን የፋብሪካው አያህለውም። ሕፃን ቆዳው ስስ ስለሆነ ከሥር አንሶላ ወይም ነጠላ አድርጉለት። ብርድ ልብስ የሌላችሁ እንደሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ቆም በሉ፤ ከተማው በብርድ ልብስ ፋብሪካው የታወቀ ነው።

ልብስ ላይ የብዙ ሰው ችግር አንድ ወፍራም ጃኬት ይዞ መሄዱ ነው። ደጋ ላይ ቀን ፀሐይ ነው፣ ማታ ውርጭ ነው፣ በመሐል ንፋስ አለ። ስለዚህ የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ ነው የሚያስፈልገው። ከሥር ጠበቅ ያለ ቲሸርት፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የሚከለክል ጃኬት። ለልጆች በቀን ሁለት ጥንድ ካልሲ ቁጠሩ፤ አንዱ ጤዛው ላይ ይረጥባል፣ አንዱ ለመኝታ ነው። ኮፍያም ሁለት ዓይነት ነው የሚያዘው። ለማታ የሱፍ፣ ለቀን ባለ ጥላ። የደጋ ፀሐይ ስትነካ አትሞቅም፣ ግን ፊት ትልጣለች። ቫዝሊንና የፀሐይ ክሬም ያዙ። ከንፈር ቶሎ ይሰነጠቃል።

የእጅ ባትሪ በሰው አንድ። የስልክ መብራት አያዋጣም፣ ባትሪው ያልቃል። ፓወር ባንክም አትርሱ። ጥሬ ብርም ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌ ብር የለም።

የመድኃኒቱ ቦርሳ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያና የምትወስዱት የዘወትር መድኃኒት ይኑር። አስም ያለበት ልጅ ካለ የሚነፋውን መድኃኒት ኪሳችሁ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት። የኩበት ጭስና ቀዝቃዛ አየር አብረው ይቀሰቅሱበታል።

ስጦታውን በተመለከተ ሰው ብስኩትና ከረሜላ ይጭናል። ጥሩ ነው፣ ግን ሲበዛ የልጆቹን ሆድ ነው የሚረብሸው። ቤቱን የሚጠቅመው ሌላ ነው። ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የልብስና የገላ ሳሙና። ደጋው የማያበቅለው ፍራፍሬም አለ፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ማንጎ። ለአክስት ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ለአጎት ጋቢ። ለተማሪዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ። በፀሐይ የሚሞላ መብራት ከሁሉም ይበልጥ ሊወደድ ይችላል። አሮጌ ልብስ የምትወስዱ ከሆነ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይሁን። የተቀደደውን አዲስ አበባ ተዉት።

4. መንገዱ

በጠዋት ውጡ። አዲስ አበባ በ12 ሰዓት የወጣ ሰው በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ቁርስ ይበላል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫጫ አካባቢ ልጆቹ እያንቀላፉ ካልሆነ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ እዚያው አካባቢ እንደሆነ ንገሯቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከመኪና ስትወርዱ ብርዱ ራሱ ይነግራችኋል። ነዳጅ ሙሉ፣ ጎማ አስነፉ፣ ጃኬቶቹን አውጡ።

አንኮበር ዘመድ ያላችሁ ከዚህ ትገነጠላላችሁ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚቀራችሁ። የመንዝ ሰው ግን ወደ ጣርማበር ይቀጥላል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ዋሻ አለ። ዋሻውን ያለፈ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንዝ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ የምትሄዱት እናንተ ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ።

ጣርማበር ጉም ይወዳል። ጉሙ ሲወርድ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁን ነው የሚመታው። አጭሩን አብርታችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ የመንገዱን ዳር እያያችሁ ሂዱ። ቁልቁለት ላይ በትንሽ ማርሽ ውረዱ እንጂ ፍሬን ላይ አትቁሙ፣ ይግላል። በግና አህያ መንገድ ላይ እንደ ቤታቸው ነው የሚተኙት። ጥሩንባ ከመንፋት ቆሞ ማሳለፍ ይቀላል።

ሰማዩ ከጠራ የምኒልክ መስኮት የሚባለው ገደል አፋፍ ላይ ውረዱ። እግራችሁ ሥር ቆላው እስከ አፋር ይዘረጋል። ልጆቹን እጃቸውን ያዙ፤ አጥር የለውም።

ሳይመሽ ግቡ። ይህ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

5. የመጀመሪያው ቀን

ስትደርሱ «ቤት ለእምቦሳ!» ይባላል፣ እናንተም «እምቦሳ እሰሩ!» ትላላችሁ። ልጆቹ መንገድ ላይ ይለማመዱት። አያቶቹን ጉልበት ይሳሙ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተው «ኖር!» ይበሉ። ማንን ጋሼ፣ ማንን እትዬ፣ ማንን አባባ እንደሚሉ መኪና ውስጥ ንገሯቸው። በስም የጠራ ልጅ አይገረፍም፣ ወላጁ ግን ይታማል።

ማታ እግር ለማጠብ ሙቅ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። የከተማ ልጅ ሲኮረኩረው ይስቃል፣ ያፍራል። አስቀድማችሁ አስረዱት። እናንተም «ኧረ አይሆንም» እያላችሁ አትግደርደሩ። ታጠቡ፣ ተመረቁ። ውርጭ ሊወርድ ሲል እግር በሙቅ ውሃ መታጠብ ለእንቅልፍም መድኃኒት ነው።

አሁን ስለ ከፍታው። መንዝ በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከፍታ ስለለመደ ብዙም አይቸገርም። ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ግን ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ተራራ አትውጡ። ውሃ ጠጡ፣ በልክ ብሉ፣ አረቄውን ለነገ አሳድሩት። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ቁጭ ብሎ እያለ የሚያለከልክ፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካለ ግን «ያልፍለታል» አትበሉ። መኪና አስነስታችሁ ወደ ዝቅተኛው ቦታና ወደ ሕክምና ውሰዱት።

6. ሌሊቱን ማለፍ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን አንብቡ። ከሰል የያዘ ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ፍሙ ጠርቷል እኮ፣ አይጨስም» የሚባለው አያድንም፤ ጋዙ የሚወጣው ከጠራው ፍምም ነው። የድሮው ሣር ክዳን ቤት አየር ያስገባ ነበር። አሁን ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮቱ በላስቲክ የታሸገ ክፍል ሲሆን አደጋው ብሷል። አክስት በደግነታቸው ምድጃውን ሊያስገቡላችሁ ይችላሉ። እየሞቃችሁ ተጫወቱ፣ በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ልትተኙ ስትሉ ምድጃውን ራሳችሁ አንስታችሁ አውጡት።

ያለ ምድጃ እንዴት ይሞቃል? እንዲህ አድርጉ። ከመኝታ በፊት ልጆቹ ትኩስ ነገር ይብሉ፤ አጥሚት ወይም ገንፎ ሆድ ውስጥ ሆኖ ያሞቃል። ቀን የለበሱትን ልብስ አውልቀው በደረቅ ልብስና በደረቅ ካልሲ ይተኙ፣ ላብ የነካው ልብስ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ፤ የፈላ ግን አይሁን፣ ጠርሙሱ ይቀልጣል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ገልብጣችሁ ሞክሩት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከመተኛታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ብርድ ልብሱ ውስጥ እግር የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት። ከፍራሹ ሥር ደግሞ አጎዛ ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ። ብርዱ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል፣ ግማሹ ግን ከመሬት ነው። ልጆቹን አንድ ላይ አስተኟቸው። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሞቃቸዋል።

ለትንንሾቹ ፖፖ ያዙ። በውርጭ ሌሊት ደጅ መውጣት ይቀርላቸዋል፣ እናንተም ከጅብ ድምፅና ከጎረቤት ውሻ ትገላገላላችሁ። ትልልቆቹ ሲወጡ ከባለቤቶቹ አንዱን ያስከትሉ፤ ውሻው የሚያውቀው እነሱን ነው።

ቁንጫም ይኖራል። ይህን ማንም በጉዞ ጽሑፍ ላይ አይጽፈውም። ሻንጣችሁን ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ልብሳችሁን ጠዋት ፀሐይ ላይ አራግፉ። ባለቤቶቹ ፊት መርጫ እያወጣችሁ ፍራሻቸውን መርጨት ግን ከቁንጫው የባሰ ነው።

7. ማዕዱ

የገብስ እንጀራ፣ የባቄላ ሽሮ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ። የደጋ ምግብ ይህ ነው። ልጆቹ የጤፍ እንጀራ የለመዱ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ፊታቸውን ሊያጨማድዱ ይችላሉ። «አይ ይሄ ምንድነው» እንዳይሉ ብቻ። ከምሳ በፊት ትንሽ ብታስርቧቸው ችግሩ ይፈታል።

ወጡ ለምን ዘገየ ብላችሁ አትቸኩሉ። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሥጋውም ባቄላውም ከለመዳችሁት በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ማገዶም ይፈጃል። እንፋሎት የሚያፍን ድስት ካላችሁ ስጦታ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ አጠቃቀሙንም ቁጭ ብላችሁ አሳዩ። ወተት ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ። የመጠጥ ውሃውንም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ «ለመድኃኒታቸው ነው» ብትሉ ማንም አይቀየምም።

ጠላው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብርጭቆ ባዶ ከሆነ ይሞላል፣ ጎደል ካለም ይሞላል። «በቃኝ» ማለት ብቻውን አይሠራም። «በሞቴ!» ይመጣል፣ ከዚያ «አፈር ስሆን!» ይከተላል። ዘዴው ቀስ ብሎ መጠጣት ነው። ብርጭቋችሁ ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ይኑረው፣ እጃችሁን አፉ ላይ ጣል አድርጉበት፣ ወሬውን ቀጥሉ። በጉርሻም እንዲሁ፤ የመጀመሪያውን አትመልሱ፣ ሦስተኛው ላይ ልመና ጀምሩ። ነገ መሪ የሚይዝ ሰው አረቄ አይቅመስ። ሰበብ ካስፈለገው ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው ይበል፤ ሐኪም የከለከለው ሰው አይለመንም።

ለማገዝ ስትነሱ «ቁጭ በሉ» ትባላላችሁ። አትቀመጡ። ሽንኩርት መላጥ፣ ቡና መቁላት፣ ውሃ መቅዳት፣ ግቢ መጥረግ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ትልልቆቹ ልጆች ጀሪካን ይዘው ከአክስታቸው ልጆች ጋር ምንጭ ይውረዱ። አምስት ሊትር ይበቃቸዋል። ሽቅቡ ላይ እየተነፈሱ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ ይገባቸዋል። የወር በዓል ቀኖችን ግን ጠይቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ከባድ ሥራ አይሠራም። በዚያ ቀን መጥረቢያ አንስቶ እንጨት የሚፈልጥ እንግዳ አገዝኩ ብሎ ሲያስደነግጥ ይውላል።

8. ልጆቹ ምን ይሥሩ?

ታብሌቱን ቤት ተዉት። የመጀመሪያው ቀን ያለቅሳሉ፣ ሁለተኛው ቀን በግ እየነዱ ታገኟቸዋላችሁ። ከእረኞቹ ጋር ይዋሉ፣ ገበጣ ይማሩ፣ ፈረስ ሰው ይዞላቸው ይቀመጡ። ከኋላው እንዳይጠጉ ብቻ ንገሯቸው።

ማታ ማታ ከአያት ጋር የዘር ሐረግ ይቁጠሩ። ሰባት ቤት መቁጠር መንዝ ላይ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሰው ርስቱን የሚጠይቀው የአያት ቅድመ አያቱን ስም ቆጥሮ፣ ከአቅኚው አባት ጋር መዛመዱን አሳይቶ ነበር። ስለዚህ አያት «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» ሲሉ የሚጠቅሱት ስም ብቻ ሳይሆን መሬትም ነው። የትኛው ስም የትኛውን ማሳ እንዳመጣ ጠይቋቸው፤ ጨዋታው ያን ጊዜ ነው የሚደራው። አንዱ ልጅ ደብተር ይዞ ይጻፍ፣ ሌላው በስልክ ድምፅ ይቅረጽ። ዘመዶቹ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር ወይስ ጌራ ምድር እንደሆኑም ይጠይቁ። የቀድሞው መንዝ በእነዚህ ሦስት የተከፈለ ነው።

አንዱን ቀን ለጓሳ ስጡት። ከመሐል ሜዳ ሩቅ አይደለም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ በአባ ቄራ መሪነት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፣ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሰው በአንድነት ያጭዳል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። አክስት ቤት ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁ ምናልባት ይኸው ሣር ነው። ሥርዓቱ በ1967ቱ አዋጅ ተናጋ፤ ዛሬም ግን ጓሳን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። የመግቢያ ክፍያውን ክፈሉ፣ የአካባቢውን ጠባቂ አስከትሉ።

በጠዋት ሂዱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው በእጃቸው ሣር እየነጩ ሲበሉ ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ያያሉ፤ ይህ በራሱ ተአምር ነው። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ነገር ቁስል እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ መጠየቃቸው አይቀርም። ሙዝ አትወርውሩላቸው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ደግሞ ዕድልና ትዕግስት ይጠይቃል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። አይጥ ነው የሚያድነው። ሣሩ ውስጥ ጆሮውን ቀስሮ ቆሞ ካያችሁት ዝም በሉ፣ ወዲያው ይዘላል። የከተማ ውሻችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ቀበሮዎቹን ከሚፈጇቸው ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክልም አሳዩአቸው። ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። መንቀል ክልክል ነው።

9. ስትመለሱ

ከመሄጃችሁ ቀን በፊት ማታ «ነገ እንነሳለን» በሉ። ጠዋት ድንገት ከተናገራችሁ ስንቅ ለማዘጋጀት ሲጣደፉ እናንተም ቀትር ላይ ነው የምትወጡት። ሰንብቱ መባላችሁ አይቀርም። ሁለት ጊዜ እንቢ በሉ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ እንደምትመጡ ቃል ግቡ፤ የማትፈጽሙትን ወር ግን አትጥሩ፣ ይጠብቋችኋል።

ገንዘብ ለመስጠት ካሰባችሁ በሰው ፊት አታድርጉት። ለአክስት ብቻቸውን «ለቡና ትሁን» ብላችሁ እጃቸው ውስጥ አድርጉ። ውሃ ስትቀዳ የሰነበተችውንም ልጅ አትርሱ። ብዙ ሰው እሷን ይረሳል።

መኪናው ላይ ቦታ አስተርፉ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ምናልባትም በጀሪካን ጠላ ይጫናል። አትመልሱ። የጠላውን ክዳን ግን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ እየፈላ ነው የሚሄደው፣ የታሸገ ጀሪካን ሸኖ ሳይደርስ ይነፋል። ከመነሳታችሁ በፊት ልጆቹን ለምርቃት አሰልፏቸው። ምርቃቱ ይረዝማል፣ ሞተሩን አታስነሱበት።

አዲስ አበባ እንደገባችሁ ስልክ ደውላችሁ መድረሳችሁን ተናገሩ፤ እስክትደውሉ አይተኙም። ብርድ ልብሱንና ልብሱን ሳሎን አታስገቡት፣ በረንዳ ላይ አራግፋችሁ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት። ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትማችሁ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሰው ላኩላቸው። የተቀረጸውን የዘር ሐረግም ለአክስት ልጅ በቴሌግራም ላኩ፤ የተሳሳተ ስም ካለ አያትን ጠይቆ ያርምላችኋል።